ሎዋርን በብስክሌት

የፈረንሳይን የሎዋር ሸለቆ ለማየት ከመኪና ብስክሌት ይሻላል ባይ ነኝ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 ሸለቆውን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ለቤተ መንግሥቶቹ ብቻ ሳይሆን ሰውና ወንዝ ለዘመናት አብረው ለሠሩት መልክዓ ምድር ጭምር ነው። ቩቭሬ በተባለው የሸለቆው መንደር ይህ በግልጽ ይታያል፤ ቱፎ የተባለው ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ከገደሉ ተፈልፍሎ ለግንባታ ዋለ፣ የቀረው ዋሻ የወይን ጠጅ ማከማቻ ሆነ፣ ከዋሻው በላይ ደግሞ ራሱ የወይን ተክሉ ይበቅላል። እንዲህ ያለውን ዝምድና ለማስተዋል ዝግታ ያስፈልጋል፤ መኪና ግን ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወደ ሌላው አድርሶ መሀሉን ያስዘልላል። «ጉልበት የሌለውስ?» ለሚል፣ ወደ 900 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የወንዝ ዳር የብስክሌት መንገድ አብዛኛው ሜዳ ነው፤ ለደከመውም ብስክሌት የሚጭን ባቡር አለ። የሚያስቸግረው ከአትላንቲክ የሚመጣው ነፋስ ነውና ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መጓዝ ይመረጣል። አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሶሙር ከተማ እስከ ቱር ከተማ ያለውን መንገድ ሞክሩት።