ኖታና ጆሮ

የሙዚቃን ንድፈ ሐሳብና ታሪክ ሊያጠና ዩኒቨርሲቲ የገባ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሁለት መምህራን አሉት፤ አንዱ ኖታ፣ ሌላው የገዛ ጆሮው ነው። ሁለቱ ግን ዘወትር አይስማሙም።

ፒያኖ ኦክታቭን ለ12 እኩል እርከኖች ይከፍላል። መሰንቆ በበኩሉ በአንዲት የጭራ አውታሩ ላይ ጣት ባረፈበት ሁሉ፣ በእርከኖቹ መካከል ሳይቀር ድምፅ ያወጣል። ተማሪው አዝማሪውን በፒያኖ ለክቶ «ድምፁ ተዛብቷል» ቢል፣ ሊያጠናው የመጣውን ነገር ገና ሳይሰማው ደመሰሰው ማለት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በ5 ድምፆች መቆማቸውን መጽሐፍ ያስተምራል፤ ጣዕማቸውን ግን የሚያውቀው የሰማቸው ነው።

ይህን ጎዳና ቀድመው ከተጓዙት አንዱ አሸናፊ ከበደ ናቸው። በ1962 እ.ኤ.አ. ከኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቀው በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኑ። በ1971 እ.ኤ.አ. ለዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍም በኢትዮጵያ ሙዚቃ ላይ ነበር። በባዕድ አገር የቀሰሙት የጥናት ስልት የአገራቸውን ዜማ መመርመሪያ ሆናቸው።

ታሪክም ይህንኑ ያስረዳል። በቤተ ክርስቲያን የዜማ መጻሕፍት ምልክቶቹ ከቃላቱ በላይ ይሰፍራሉ፤ ዜማውን ከመሪጌታው አፍ ላልሰማ ግን አንደበት የላቸውም። ምልክት የሰሙትን ያስታውሳል፤ መስማትን አይተካም።

ስለሆነም የንድፈ ሐሳብ ትምህርት በሚሰጥበት ክፍል ከፒያኖው ጎን መሰንቆና ክራር ሊቀመጡ፣ ተማሪውም ከመጻፉ በፊት ደጋግሞ ሊያዳምጥ ይገባዋል።