መብራት ሲያገኝ የሚደክም ኮምፒውተር

ሰው ሲርበው ይደክማል፥ ሲበላ ይበረታል። ፋኖስም ጋዝ ሲያልቅበት ይደበዝዛል፥ ሲሞሉለት ወገግ ይላል። ይህን እያየን ያደግን ሰዎች ስለ ሆንን፥ በባትሪው ብቻ ሲሠራ እንደ ልብ የሚሮጥ፥ ገመዱን ከሶኬት በሰካንለት ጊዜ ግን ማነከስ የሚጀምር ላፕቶፕ ሲያጋጥመን ግራ እንጋባለን። አንዳንዱ ዕቃው ተበላሽቷል ይላል፤ አንዳንዱ የሠፈሩን መብራት ያማል፤ አንዳንዱም ቫይረስ ነው ብሎ ያለውን ፋይል ሁሉ ያጠፋል።

እኔ የማምነው ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ደኅና ነው፤ የሚዘገየውም ራሱን ለመጠበቅ ሆነ ብሎ ነው። ነገሩን ያነሣሁት ለጨዋታ አይደለም። ላፕቶፕ ለተማሪና ለጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ የብዙ ወር ደመወዝ የሚበላ ዕቃ ስለ ሆነ፥ «በቃ፥ ሞቷል» የሚለው ፍርድ ያለ ምርመራ ሲሰጥ ዕዳው የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ነው።

የምኖረው ዳግማዊ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት ለሌጋሲዮን ከሰጡት መሬት ስሙን ባገኘው በፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። በሠፈራችን፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት ፊዚክስ ያስተማርኋት አንዲት ልጅ አለች፤ አሁን የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሆናለች። እናትዋ እንጀራ እየጋገሩ ለሱቆች በማስረከብ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው፤ ላፕቶፑንም የገዙላት ዕቁባቸው ሲደርሳቸው ነው። ያገለገለ ቢሆንም ጥሩ ዕቃ ነበር። ኋላ ግን የቻርጀሩ ገመድ ተበጥሶ፥ በምትኩ ከገበያ ርካሽ ቻርጀር ተገዛለት። ከዚያ ወዲህ ሲሰካ አንድ ገጽ ለመክፈት ደቂቃ የሚፈጅ ሆነ፤ ሲነቀል ደግሞ ይፈጥናል፥ ግን ባትሪው ከ40 ደቂቃ አያልፍም። የመመረቂያ ጽሑፍዋን ለማስረከብ ሦስት ሳምንት ሲቀራት አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወሰደችው። ጠጋኙም ማዘርቦርዱ መሞቱን ነግሮ፥ ለመለዋወጫ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ሊሰጣት ፈቀደ።

እናትዮዋ ቤቴ ድረስ መጥተው፥ «አንተ የተማርኸው ልጄ፥ እስቲ ንገረኝ፤ መብራት ሲያገኝ የሚደክም ዕቃ ምን ዓይነት ዕቃ ነው?» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የፊዚክስ ጥያቄ በክፍል ውስጥ ቀርቦልኝ አያውቅም።

መጀመሪያ ያደረግነው ታስክ ማናጀር የሚባለውን የዊንዶውስ መስኮት ከፍቶ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ማንበብ ነበር። ገመዱ ተነቅሎ ሳለ ከ2 ጊጋኸርዝ በላይ ይላል። ገመዱን ስንሰካው በሁለትና በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ከ0.8 በታች ወርዶ እዚያው ቀረ። ነቀልነው፤ ወጣ። እንደገና ሰካነው፤ ወረደ። ይህን ጊዜ ማዘርቦርዱ እንዳልሞተ ገባኝ፤ የሞተ ነገር እንዲህ በትእዛዝ አይነሣም አይተኛም።

እዚህ ላይ ሰዓት መመልከት ዋና ነገር ነው። ላፕቶፕ ሲሰካ የሚዘገየው በአብዛኛው ከሁለት ምክንያቶች በአንዱ ነው፤ አንዱ ቻርጀሩ፥ ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሙቀት ለመጠራቀም ደቂቃዎች ያስፈልጉታል። የቻርጀር ጉድለት ግን ወዲያው ይታያል። የልጅቱ ላፕቶፕ ገና ሳይሞቅ፥ በተሰካበት ቅጽበት ስለ ወደቀ ዓይናችንን ወደ ቻርጀሩ መለስን።

በቻርጀር ጀርባ ላይ ማንም የማያነበው ደቃቅ ጽሕፈት አለ። በዚህኛው ላይ የሚወጣው ኃይል 19.5 ቮልት፥ 2.31 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። በላፕቶፑ ሆድ ላይ ግን የሚፈልገው 19.5 ቮልት፥ 3.34 አምፔር ነው። ቮልትን በአምፔር ማባዛት የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሚያውቀው ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው 45 ዋት፥ ሁለተኛው 65 ዋት ይሆናል። ጫፉ ልክ ስለ ገባ ብቻ ይሆናል ተብሎ ተገዝቷል።

እንግዲህ የእናትዮዋ ጥያቄ መልስ ይኸውላችሁ። እንደ ዴልና ኤችፒ ያሉ ብዙ ላፕቶፖች በቻርጀሩ ጫፍ መካከል ባለችው ቀጭን መርፌ በኩል ቻርጀሩን «አንተ ማን ነህ? ስንት ዋት ትችላለህ?» ብለው ይጠይቁታል። መልስ ካላገኙ፥ ወይም መልሱ ከሚፈልጉት ካነሰ፥ ፕሮሰሰራቸውን ራሳቸው ያዘገዩታል፤ አንዳንድ ጊዜም ባትሪውን መሙላት ይተዋሉ። ይህን ባያደርጉ ትንሹ ቻርጀር ከዓቅሙ በላይ ተጎትቶ ይግል ወይም ይቃጠል ነበር። ባትሪው የቤት ልጅ ነው፤ ዓቅሙ በውስጡ ባለ ዑደት ተመዝግቦ ስለሚታወቅ ላፕቶፑ አምኖት ይሮጣል። ቻርጀሩ ግን ከውጭ የመጣ እንግዳ ስለ ሆነ መታወቂያ ይጠየቃል። መርፌዋ ተጣማ ወይም ተሰብራ ከሆነ ትክክለኛው ቻርጀር እንኳ እንደ እንግዳ ይቈጠራል። በዩኤስቢ ሲ የሚሞሉት አዳዲሶቹም ከቻርጀሩ ጋር ይነጋገራሉ፤ በእነሱ ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክቶ ፍጥነት መጠበቅ አይገባም። ገመዱም ራሱ ይቈጠራል፤ መለያ ቺፕ የሌለው ተራ የዩኤስቢ ሲ ገመድ ከ60 ዋት በላይ አያስተላልፍም።

በበይነ መረብ የሚዞር አንድ ምክር አለ፤ ላፕቶፑ የሚሰማውን የማስጠንቀቂያ ምልክት በፕሮግራም ዘግታችሁ አስሩጡት የሚል ነው። ይሠራል፤ ውሸት አይደለም። የቻርጀሩ መታወቂያ ብቻ ጠፍቶ ዋቱ በቂ በሆነበት ቦታ ጉዳቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። በ45 ዋት ቻርጀር ላይ እንዲህ ማድረግ ግን የሚጮኸውን ዘበኛ አፉን አስሮ እንደ መተኛት ስለ ሆነ እኔ ለተማሪዬ አልመክርም።

ስለ ሠፈሩ መብራት ደግሞ አንድ ቃል። ማታ ምጣዱ ሁሉ ሲጣድ ኃይሉ እንደሚወርድ በሠፈራችን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ ጎረቤቶች ስታቢላይዘር ግዙ አሉ። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዓቅም ያለው ሆኖ ነው፤ ነገር ግን ከግድቡ እስከ ቤታችን ሶኬት ድረስ ስንት ትራንስፎርመርና ስንት ሽቦ እንዳለ አስቡ። ቢሆንም የላፕቶፕ ቻርጀር ከ100 እስከ 240 ቮልት ድረስ እንዲቀበል ተደርጎ የተሠራ መሆኑ በጀርባው ተጽፏል። 220 የነበረው 170 ቢወርድ ምጣዱ ይቀዘቅዝ ይሆናል እንጂ ላፕቶፑ አያነክስም። ስታቢላይዘር ለማቀዝቀዣ ይጠቅም ይሆናል፤ ለዚህ ሕመም ግን መድኃኒት አይደለም።

የእናንተው ላፕቶፕ ሲሰካ ደኅና ጀምሮ ከአሥርና ከአሥራ አምስት ደቂቃ በኋላ የሚዘገይ ከሆነ ግን ሙቀቱን ጠርጥሩ። ኮምፒውተሩ መብራት ሲያገኝ ኃይል ሳይቆጥብ ይሠራል፤ በዚያው ላይ ባትሪው ሲሞላ ይሞቃል፤ ማራገቢያው በአቧራ የታፈነ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ጢስና የዱቄት ብናኝ ለዚህ የተመቸ ነው። ከእንጦጦ በሚወርደው ብርድ ላፕቶፑን ጋቢ ላይ አስቀምጦ መሥራትም እንዲሁ ነው፤ ለጕልበት የሞቀው ጋቢ የዕቃውን መተንፈሻ ይደፍነዋል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላም ነገር አለ። ብዙ አምራቾች ላፕቶፓቸው እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚሠራ ይጽፋሉ። የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከግርጌው ያለው ሠፈራችንም ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፥ ያው ማራገቢያ እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ሯጮቻችን ማለዳ እንጦጦ ላይ የሚለማመዱበት ስስ አየር ለኮምፒውተር ጥቅም የለውም። ደግነቱ አየሩ ቀዝቃዛ ነውና አንዱ ሌላውን በከፊል ያካክሰዋል።

ከእነዚህ ሌላ የዊንዶውስን የኃይል ቅንብር ተመልከቱ፤ ለባትሪና ለተሰካ ጊዜ የተለያየ ስለ ሆነ፥ ለተሰካ ጊዜ የፕሮሰሰሩ ከፍተኛ መጠን ከ100 በመቶ በታች ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ የፋይል ምርመራና የጥገና ሥራዎቹን አብዛኛውን ጊዜ ገመድ እስኪሰካለት ያቆያቸዋል፤ ስለዚህ ለጥቂት ጊዜ ቢዘገይ አትደንግጡ።

ከባልደረባዬ 65 ዋት ቻርጀር ተውሰን ሰካነው። ፍጥነቱ ከ2 ጊጋኸርዝ በላይ እንዳለ ቀረ፤ ልጅቱም አንዴ ነቅላ አንዴ ሰክታ ራስዋ አረጋገጠችው። ጠጋኙ ክፉ ሰው ነው አልልም፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ተሰልፎበት ስለሚውል የቻርጀር ጀርባ የሚያነብበት ጊዜ አላገኘ ይሆናል። በዚያው ሳምንት መርፌዋ ያልተጣመመ፥ ቁጥሩም የተመሳከረ 65 ዋት ቻርጀር ተገዛ። ዋጋውም ከእናትዮዋ የጥቂት ቀን ሽያጭ አላለፈም። ጽሑፍዋን በቀኑ አስረከበች።

ባትሪው ግን ያው 40 ደቂቃውን ነው። እሱ በእርግጥ ስላረጀ፥ እናትዮዋ ለሚቀጥለው ዕቁብ ቀጥረውታል።