ከምንጩ በላይ

«እማማ፣ የእታታ ውሃ ለምንድን ነው ቡኮ ቡኮ የሚሸተው?»

ይህን የጠየቀችኝ አራት ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ ናት። አምና ኅዳር ላይ ቅዳሜና እሁድን እህቴ ዘንድ አድራ መጣች። የእህቴ ቤት ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ ከሚወስደው አስፋልት ወጣ ብሎ ነው፤ ዙሪያው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ልጅ እንደ ልቧ የምትሯሯጥበት ስለሆነ ደስ እያላት ሄዳ ደስ እያላት ተመለሰች። ማክሰኞ ሌሊት ተቅማጥ ጀመራት።

እኔ በነርስነት 34 ዓመት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ተቅማጥ አያስደነግጠኝም፤ የራስ ልጅ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በጥብጬ በማንኪያ ስሰጣት አደርኩ፣ ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወስጃት ዚንክ ተጀመረላት። (ፓኬቱ እቤት ከሌለ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ማሟሟት ነው። ጨው አይብዛ።) በአራተኛው ቀን ዳነች፣ ዚንኩንም 10 ቀን ጨረሰች። ጥያቄዋ ግን ከኔ ጋር ቀረ።

እውነቱን ልናገር። በሥራ ዘመኔ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ስንቱን እንዳከምኩ ቁጥሩን አላውቀውም። አክሜ፣ እናቲቱን «ውሃ አፍልተሽ፣ እጅሽን ታጥበሽ» ብዬ መክሬ ወደዚያው ውሃ መልሼ ሰድጃለሁ። ከወር በኋላ ያው ልጅ ይመጣል። እናቲቱን እቆጣ ነበር። ውሃው ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው፣ የሚለቀውስ ማነው ብዬ ሄጄ አይቼ አላውቅም። የጽዳት ባለሙያው ሥራ ነው እል ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሄድኩ።

ጌዴኦን የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ አገሩ ዳገት ነው፣ ሕዝቡም ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረ ነው። አንድ ቤት ከሌላው በላይ ነው። እላይ ያለው የሚያፈሰው ነገር ታች ላለው ይወርዳል። የእህቴ ሰፈር ምንጭ ከብዙ ዓመት በፊት የጎለበተ ነው፤ ሲሚንቶ ተሠርቶለት፣ ሁለት ቧንቧ ወጥቶለት፣ አጥር ነበረው። አጥሩ አሁን የለም። ከምንጩ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ አለ።

የቡና አጠባን ላላየ ሰው ላስረዳ። የተለቀመው ቀይ ቡና በማሽን ይፈለፈላል። ልጣጩ ይወገዳል፣ ፍሬው የሚያዳልጥ ለሃጭ መሰል ነገር እንደያዘ ገንዳ ውስጥ አንድ ሁለት ቀን ይብላላል። ከዚያ በብዙ ውሃ ይታጠብና አልጋ ላይ ይሰጣል። የዓለም ሰው «ይርጋጨፌ» እያለ በውድ የሚጠጣው የታጠበ ቡና የሚወጣው እንዲህ ነው። የታጠበበት ውሃ ግን ስኳር የሞላበት ነው። ያ ስኳር ወንዝ ወይም ምንጭ ውስጥ ሲገባ ይበሰብሳል፣ በውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ውሃው ይኮመጥጣል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ስለዚህ ጣቢያው ቆሻሻ ውሃውን የሚያጠራቅምበትና የሚያረጋበት በቂ ጉድጓድ ሊኖረው ይገባል፤ ልጣጩም ለብቻው ተከምሮ ኮምፖስት መሆን ይችላል።

ጉድጓድ ነበረው። ሞልቶ ፈሷል። የፈሰሰው በቦይ ወርዶ ምንጩ አጠገብ ደርሷል። ቡኮ ቡኮ ያለው እሱ ነው።

እዚህ ላይ እንደ ጤና ባለሙያ አንድ ነገር ልለይ፣ ምክንያቱም በኋላ ሰዎች «ቡናው ልጅ ገደለ» እያሉ ማውራት ጀምረው ነበር፣ ማንም ግን አልሞተም። ልጄን ያመማት የቡናው ውሃ ነው ብዬ መማል አልችልም። እህቴን ስጠይቃት ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ምንጩ ሲሸት ሴቶቹ ትተውት ወደ ወንዙ ወረዱ። ወንዙ ከብት የሚጠጣበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ነው። ልጄም ከልጆቹ ጋር ጄሪካን ተከትላ ወርዳ፣ እጇን ሰብስባ ጠጥታለች። ተቅማጡ የመጣው ከዚያ ይመስለኛል። የጠገኑት ምንጭ ሲበላሽ ሰው ወደ ባሰው ይሄዳል። ይህን በ34 ዓመቴ አላሰብኩትም ነበር።

የጣቢያውን ኃላፊ አነጋገርኩት። ጨዋ ሰው ነው፣ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። «ሲስተር፣ ጉድጓዱ የተቆፈረው በዚያን ጊዜ ለነበረው ቡና ልክ ነው። አሁን የሚመጣው እጥፍ ነው። እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ ለባለቤቱ ነግሬያለሁ» አለኝ። አመንኩት። ውሃው ግን መፍሰሱን አላቆመም።

ማታ የእህቴ ባል ተቆጣ። እኔን አይደለም፣ ነገሩን ነው የተቆጣው። «ጣቢያው ቢዘጋ ቡናዬን ለማን ልሸጥ ነው? ልጆቹን ያስተማርኩት በምንድን ነው?» አለ። ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም የኔም ልጆች በቡና ነው የተማሩት። የባለቤቴ ድርሻ ማሳ የሰጠው ቡና በየዓመቱ እዚያው ጣቢያ ነበር የሚገባው፤ የነርስ ደመወዝ ዩኒቨርሲቲ አላደረሳቸውም። ስንቱን ዓመት ከቡናው ገንዘብ ስቀበል ውሃው የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩም።

መንገዱን ያሳየኝ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የሚማር የወንድሜ ልጅ ነው። «አክስቴ፣ ሕጉ እኮ አለ» ብሎ በስልኩ አነበበልኝ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ይባላል። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው የወጣው፤ አንድም ስብሰባ ላይ ሲነገር አልሰማሁም፣ ወይም ሲነገር አንቀላፍቼ ነበር።

የያዝኩትን በኔ አነጋገር ልንገራችሁ። የበከለ ሰው ያጸዳል፣ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይሸፍናል። ክልሎች እንደየሁኔታቸው ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ማውጣት ይችላሉ፣ የላላ ግን አይችሉም። የአካባቢ ተቆጣጣሪ ሳያስታውቅ ገብቶ ማየት ይችላል። ከሁሉ የገረመኝ አንቀጽ 11 ነው። ማንኛውም ሰው፣ የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል ሰው ላይ ለፌዴራሉ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው፣ ወይም በተሰጠው ውሳኔ ካልተስማማ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። «የልጅ ልጅሽ ባትታመምም፣ እዚያ ሰፈር ባትኖሪም መብት አለሽ» አለኝ ልጁ። የወንጀል ሕጉም የመጠጥ ውሃ መበከልን ለብቻው ወንጀል አድርጎታል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 44 ንጹህና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጠናል።

ደብዳቤውን የእህቴ ሳሎን ውስጥ ጻፍነው። የእህቴ ባል ሁለት ቀን አኩርፎ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ተቀመጠ። «ይዘጋ» የሚል ቃል እንዳይገባ ብሎ ያዘ፣ እኔም ተስማማሁ። የጠየቅነው ሁለተኛ ጉድጓድ እንዲቆፈር፣ ከምንጩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንዲወጣና እስከዚያው ፍሳሹ እንዲቆም ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰው ፈረመ፣ ሦስቱ በአውራ ጣት።

ወጣቱ የነገረኝን ለናንተም ላስተላልፍ፦ ደብዳቤ በቃል አይሰጥም፣ ለዘበኛም አይተውም። በሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ የናንተው ኮፒ ላይ ገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። እኔ ድሮ የክትባት ካርድ ላይ የቀጠሮ ቀን እንደምጽፈው የመጨረሻውን ቀን ግድግዳዬ ላይ ባለው ካላንደር በቀይ አከበብኩት።

ከዚያ መመላለስ ነው። «ተመርቷል።» «ለማን?» «ባለሙያው መስክ ናቸው።» «መቼ ይመለሳሉ?» «ስብሰባ አለ።» እዚያ ቢሮ ኮሪደር ላይ ስቀመጥ እኔ ራሴ «ሰኞ ተመለሺ» ያልኳቸው እናቶች ትዝ አሉኝ። በ26ኛው ቀን ሁለት ባለሙያዎች መጡ። ጉድጓዱን አዩ፣ ለኩ፣ ጻፉ። የጣቢያው ጉዳይ በሦስት መስመር አለቀላቸው። ከዚያ አንደኛው ዞር አለና «ይሄ ሽንት ቤት የማን ነው?» አለ።

የእህቴ ነው።

ከምንጩ በላይ ነው። በእርምጃ ቆጠርነው፣ አሥራ ስምንት እርምጃ። ሽንት ቤት ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ቦታውም ከምንጩ በታች ይሁን እያልኩ በየቀበሌው ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በዚያ ቤት ስንት በዓል አሳልፌያለሁ፣ ያንን ሽንት ቤት ስንት ጊዜ ገብቼበታለሁ። አላየሁትም። ሌሎች ሁለትም ነበሩ፣ የፈራሚዎቹ። የጣቢያው ኃላፊ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

የሽንት ቤቱን ነገር ቢሮ አልጨረሰውም። አባቶች ሶንጎ ላይ ተቀምጠው ተነጋገሩበት። ጌዴኦ የሽማግሌ ጉባኤውን የሚሰበስብበት የቆየ ቦታ ነው ሶንጎ፤ መልክዓ ምድሩ መስከረም 2016 ላይ በዩኔስኮ ሲመዘገብ ከነዚህ ባህሎቹ ጋር ነው የተመዘገበው። ሦስቱ ሽንት ቤቶች ተደፍነው ወደ ጎን እንዲዛወሩ፣ ከምንጩ በላይ ከብት እንዳይታሰር፣ አጥሩን ሰፈሩ እንዲሠራ ተባለ። የእህቴ ባል የራሱን በሁለት ሳምንት አዛወረ። እኔ ለቆርቆሮው አዋጣሁ፤ እንደ ቅጣት ቆጥሬው።

የጣቢያው እንደዚያ ፈጥኖ አልሄደም። ደብዳቤ ደረሰው፣ ሁለተኛ ጉድጓድ ቆፈረ፣ ግን ከተባለው ያነሰ ነው። የመቀልበሻው ቦይ ግማሽ ድረስ ሄዶ ቆመ። ፍርድ ቤት እንሂድ ወይ ተባባልን። አጠባው አልቆ ነበር፣ ሽታው ጠፍቷል፣ ሰው ወደ ሥራው ሄደ። እኛም ደከመን። 60 ቀኑ አለፈ። ይሄ ይቆጨኛል፤ ክትባት ጀምሮ ያቋረጠ ልጅ እናት ላይ ስንት ጊዜ ጮኼያለሁ።

አዲስ አበባ በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክል ሰውንም ድርጅትንም የሚቀጣ የራሷን ደንብ እንዳወጣች ስሰማ ቀናሁ። አቃቂ የደረሰበትን ያየ ከተማ ቢመርረው አይገርምም፤ ግን ወንዙ ከሞተ በኋላ ነው። የኒውዮርክ ከተማ ታሪክ ደግሞ ከሌላ በኩል ነው። ውሃዋ የሚመጣው ከሩቅ ተራራ ነው። እጅግ ውድ የሆነ የማጣሪያ ጣቢያ ከመገንባት ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1997 ከላይ ካሉት ገበሬዎችና ቀበሌዎች ጋር ተዋዋለች፤ ገበሬው ፍግና ፍሳሹን ከወንዙ እንዲያርቅ ወጪውን ከተማዋ ታግዛለች። ይህን ለእህቴ ባል ስነግረው «እኛንስ የሚጠጡት ያግዙን ነበር» አለ። ይርጋጨፌ ቡና ጠጪዎቹን ማለቱ ነው። ቀልድ አይመስለኝም።

ዘንድሮ ጥቅምት አጋማሽ ላይ አጠባው ይጀምራል። ያላለቀውን ቦይ በተመለከተ አዲስ ደብዳቤ ጽፈናል፤ በዚህኛው ሃያ ስድስት ሰው ፈርሟል፣ ከጣቢያው ሠራተኞች ሁለቱ አሉበት። ገቢ ሆኗል፣ ካላንደሬ ላይ ቀይ ክብ አለ። ምግብ ቤቴ መስኮት ላይ ሦስት የማር ጠርሙስ ደርድሬያለሁ፤ ሁለቱ የምንጩን ውሃ ይዘዋል፣ ቀናቸው በፕላስተር ተለጥፎባቸዋል። ጥርት ብለዋል። ጥርት ያለ ውሃ ጀርም የለውም ማለት እንዳልሆነ ለልጅ ልጄ ስነግራት አላመነችኝም። ሦስተኛው ባዶ ነው፣ ለአጠባው ወቅት ያስቀመጥኩት። እሱን የምይዘው እኔ ነኝ ብላለች።