«ማን ላከህ?» በዪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ከነገ ወዲያ ከለቡ ጣቢያ በባቡር ወደ ድሬዳዋ ትሄጃለሽ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ ስትቋጥር፣ ዳቦ ቆሎ ስታሽግ ሰነበተች። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ደመወዝ አያያዝ አጎትሽ መክሮሻል፤ የዚያን አገር ሙቀትም ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። ለእኔ የቀረልኝ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ያነሣሽው ጥያቄ ነው። የኅዳር ሲታጠን ጭስ ከግቢ ግቢ እየዞረ ዓይናችንን ሲያቃጥለን፣ «አባዬ፣ ከሠለስቱ ደቂቅ ጋር እሳቱ ውስጥ የታየው ገብርኤል ነው ወይስ ክርስቶስ? አብራኝ የተማረችው ልጅ ክርስቶስ ነው ብላ ተከራከረችኝ» አልሽኝ። እንግዳ ገባና ወሬያችን ተቋረጠ። አሁን የታኅሣሥ ገብርኤልን የምታከብሪው ቁልቢ አጠገብ ሆነሽ ነው፤ ይኸው ጥያቄ ዳግም መነሣቱ አይቀርምና መልሴን በጽሑፍ ያዢው።

ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3ን ራስሽ አውጥተሽ አንብቢ። ናቡከደነፆር ሦስት ሰው አስጥሎ አራት ሰው እሳቱ ውስጥ ሲመላለስ ያያል። በድንጋጤው መጀመሪያ አራተኛው የአማልክትን ልጅ ይመስላል ይላል፤ ዝቅ ብሎ ግን እግዚአብሔር መልአኩን ልኮ ባሪያዎቹን እንዳዳነ በገዛ አፉ ይመሰክራል። ስም አልተጻፈም። ገብርኤል የሚለውን የምናገኘው ከድርሳነ ገብርኤልና ከስንክሳር ነው፤ ቁልቢን ያሠሩት ራስ መኮንንም፣ ስለቱን ተሸክሞ ዳገቱን የሚወጣው ሕዝብም በዚህ ትውፊት የሚሄዱ ናቸው። በሌላው ዓለም ደግሞ ወልድ ነው ያሉ የጥንት ሊቃውንት አሉ፤ ጓደኛሽ ከሜዳ አንሥታ አልተናገረችም። እኔን ካልሽ ገብርኤል ነው። ንጉሡ በመጨረሻ «መልአክ» ብሏልና፤ እኔም በጎፋ ገብርኤል ደወል እየነቃሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በዚህ ጉዳይ ግን ከማንም ጋር ቂም አትያዢ። ያ አረማዊ ንጉሥ ዓይኑ ያየው መልእክተኛውን ሲሆን አፉ ያመሰገነው ላኪውን ነው፤ ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው ይህን ነው።

ከዚህ የሚከብድ አለ። ኦሪት ዘፍጥረት ላይ አጋርን በበረሃ ያገኛት የእግዚአብሔር መልአክ ነው ተብሎ ይጀመራል፤ ዘርሽን አበዛለሁ ብሎ የሚናገረው ግን እንደ ባለቤቱ ነው። ለሙሴ በቁጥቋጦው ነበልባል የታየውም መልአክ ነው፤ ወዲያው ግን እግዚአብሔር ራሱ ሲናገር እንሰማለን። በድሮ ጊዜ ነጋሪት ተጎስሞ አዋጅ ሲነበብ አንባቢው በንጉሡ ቃል «እኔ» እያለ ነበር የሚያነበው፤ ሰሚውም አንባቢውን ንጉሥ ነው አይለውም። አንዳንዶቹን ቦታዎች እንዲህ ብለሽ ልትረጂያቸው ትችያለሽ፤ በኦሪት ዘፀአት 23 እግዚአብሔር በሕዝቡ ፊት ስለሚልከው መልአክ ሲናገር ስሜ በእርሱ ላይ ነው ማለቱ ከዚህ ጋር ይሄዳል። በሌሎቹ ቦታዎች ግን ከድንግል ከመወለዱ በፊት የታየው ወልድ ነው ያሉ አባቶች ብዙ ናቸው። እኛም በቅዳሴ ሐዋርያት ወልድን የአብ የምክሩ መልአክ እያልን እንቀድሳለን። ይህ አጠራር ተልእኮውን ይነግረናል እንጂ ከፍጡራን ጋር አይቆጥረውም።

ይህን ለይተሽ መያዝ ያለብሽ፣ ሚካኤል ማለት ኢየሱስ ነው የሚሉ የይሖዋ ምሥክሮች አንድ ቅዳሜ በርሽን ማንኳኳታቸው ስለማይቀር ነው። በሩን አትዝጊባቸው፤ ቡና አቅርቢና ስሚያቸው። ከዚያ የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 1ን ግለጪ፤ ሐዋርያው ከመላእክት ለማንኛቸው ልጄ ተባለ ብሎ ይጠይቃል፤ ለአንዳቸውም። ዳንኤልም በምዕራፍ 10 ሚካኤልን ከዋነኞቹ አለቆች አንዱ ይለዋል። ከአለቆች አንዱ የሆነ ደግሞ አለቆቹን የፈጠረው ሊሆን አይችልም።

የስሞቹን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በ66ቱ መጻሕፍት በስም የተጠሩት ቅዱሳን መላእክት ሚካኤልና ገብርኤል ብቻ ናቸው። ሩፋኤልን የምናገኘው በመጽሐፈ ጦቢት፣ ዑራኤልንና ፋኑኤልን በመጽሐፈ ሄኖክ ነው። ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በእኛ ግእዝ ብቻ ነው፤ ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ይዞ እስኪመለስ አውሮፓ ስሙን እንጂ መልኩን አያውቅም ነበር። ኋላ በሙት ባሕር ዋሻዎች የአረማይክ ቁራጮቹ ሲገኙ ጥንታዊነቱን ማንም የማይክደው ሆነ። የይሁዳ መልእክትም ከእሱ ይጠቅሳል። ስለዚህ «ዑራኤል መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም» የሚልሽ ቢኖር አትቆጪ፤ ስለ 66ቱ ነው ወይስ ስለ ቤተ ክርስቲያናችን 81ዱ መጻሕፍት የምታወራው ብለሽ ጠይቂው።

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልግባ። ሰኔ 12 ቀን የምናስባትን ቅድስት አፎምያን ታውቂያታለሽ፤ ነገር ግን ታሪኳን በልጅነት የሰሙት ሰዎች ሲያልፉት አያለሁ። ባሏ ደግ ሰው ነበር፤ በየወሩ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በእመቤታችን፣ በ29 በጌታችን በዓል ምጽዋት ይሰጣል። ሊሞት ሲቃረብ የሚካኤልን ሥዕል አሥሎ ሰጣት። መበለት ከሆነች በኋላ ሰይጣን መጀመሪያ በመነኩሲት ተመስሎ መጣ። ገንዘብሽ እኮ አለቀ፣ ምጽዋቱ ይብቃሽ፣ ባል አግቢ አላት። ክፉ ምክር እንዳይመስልሽ፤ ዘመድ ሁሉ የሚመክረው ምክር ነው! እምቢ ስትለው በሚካኤል በዓል ቀን የመላእክት አለቃ መስሎ በብርሃን መጣ፤ እኔ ሚካኤል ነኝ፣ እግዚአብሔር ልኮኝ ነው ብሎ ያንኑ ምክር ደገመላት።

አፎምያ ግንባሯን መሬት ላይ አልደፋችም። የንጉሥ ወታደር የንጉሡን ምልክት ይይዛል፤ መስቀልህ የታለ? አለችው። በእኛ ዘንድ መስቀል የለም፣ ሠዓሊዎች ለማሳመር ብለው ነው የሚሥሉት አላት። እሷም ሥዕሉን ላምጣውና እናስተያይ አለች። ያን ጊዜ መልኩ ተለወጠ፣ አንገቷን አነቀ፤ እውነተኛው ሚካኤል ደርሶ አዳናት። ልጄ፣ ይህች ሴት ብርሃን አይታ ያልተደናገጠችው ድፍረት ኖሯት አይደለም። መልእክቱን ከብርሃኑ ለይታ ሰማችው። ድሃ አታብዪ የሚል ትእዛዝ ከማን ሊመጣ እንደሚችል ታውቅ ነበር።

መጠየቅ ክህደት ነው የሚሉሽን አትስሚ። ኢያሱ በኢያሪኮ አጠገብ ሰይፉን መዝዞ የቆመውን አይቶ ከእኛ ወገን ነህ ወይስ ከጠላቶቻችን ብሎ ጠየቀ። ጌዴዎን ምልክት ለመነ፣ ተሰጠውም። ማኑሄ ስም ቢጠይቅ መልአኩ ስሙን አልነግርህ አለ፤ መሥዋዕት ካቀረብህ ለእግዚአብሔር አቅርብ ብሎት በነበልባሉ ዐረገ። እመቤታችንም ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ገብርኤል ቢያበሥራት ይህ እንዴት ይሆናል አለች እንጂ ቃሉን ዝም ብላ አልተቀበለችም። ታዲያ ዘካርያስ ለምን ዲዳ ሆነ ትዪኝ ይሆናል፤ ያው ገብርኤል ነው፣ ልዩነቱ ስድስት ወር ነው። ዘካርያስ ካህን ነው። አብርሃምና ሣራ በእርጅናቸው መውለዳቸውን ሲያስተምር የኖረ ሰው፣ ያው ሲነገረው በምን አውቃለሁ አለ። እመቤታችን የጠየቀችው ግን ከዚያ በፊት ሆኖ ስለማያውቅ ነገር ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አብራሽ የተማረችው ልጅ ሌላም ታነሣለች፤ ዮሐንስ በራእዩ መጨረሻ ለመልአኩ ሊሰግድ ሲወድቅ መልአኩ ከለከለው፣ እኔም እንደ አንተ ባሪያ ነኝ አለው፤ እናንተ ለምን ትሰግዳላችሁ? ትላለች። አባቶቻችን የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር፣ የጸጋ ስግደት ለወዳጆቹ ብለው ይለያሉ፤ ኢያሱ ለጌታ ሠራዊት አለቃ በግንባሩ ሲደፋ ተነሥ አልተባለም። መልሱ ይህ ነው። ነገር ግን ይህን መልስ ይዘን ያንን ምዕራፍ አንዝለለው። መልአኩ የተናገረው ለእኛም ነው፤ ሥዕል ስንስም፣ ስለት ስንሳል፣ ታክሲው መስታወት ላይ ሚካኤልን ስንለጥፍ የላከውን ከረሳን ቅር የሚለው መልአኩ ራሱ ነው። በነገራችን ላይ መካኒሳ ባለው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ የሚማረው የጎረቤታችን ልጅ፣ ሉተር በጠዋት ጸሎቱ ቅዱስ መልአክህ ከእኔ ጋር ይሁን ብሎ ይለምን እንደነበር ነግሮኛል። የምንራራቀው አንዳንድ ሰው እንደሚያጋንነው ያህል አይደለም።

መንገደኛ ነሽና የሩፋኤልን ነገር አልተውልሽም። ጳጉሜን 3 ዝናብ ሲጥል እርቃንሽን ግቢ ውስጥ ትሮጪ የነበረው በእሱ በዓል ነው። ጦቢት ዓይነ ስውር ሆኖ ልጁን ጦብያን ሩቅ አገር ሲልክ አብሮት የሚሄድ ሰው ፈለገ። አንድ ጎልማሳ እኔ እሄዳለሁ አለ። ሽማግሌው አባት ዝም ብሎ ልጁን አላስረከበም፤ ከየትኛው ነገድ ነህ፣ የማን ዘር ነህ ብሎ መረመረው፤ ከዚያ በቀን አንድ ድራም ሊከፍለው ተዋዋለ። ውሻቸውም ተከተላቸው። ሩፋኤል ያን ሁሉ መንገድ መልአክ ነኝ ሳይል ሄደ፤ ዓሣ አስያዘ፣ ብር ተቀበለ፣ ሙሽራ አጋባ። ሲመለሱ የንብረታቸውን እኩሌታ ቢሰጡት አልነካም፤ ያኔ ማንነቱን ገልጦ እግዚአብሔርን አመስግኑ አለና ሄደ።

የዘመናችን «ተላክሁ» ባይ ሥራውን ከስሙ ይጀምራል። ከዓመታት በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ኤልያስ መጥቷል የሚሉ ተነሥተው ስንቱን አወኩ። ዛሬ ደግሞ በቴሌግራምና በቲክቶክ መልአክ አናገረኝ የሚል ነቢይና ባሕታዊ ከባንክ ሒሳብ ቁጥር ጋር ይመጣል። አያትሽ በሕይወት ሳሉ አንድ ቢጫ ለባሽ በራችን ቆሞ ገብርኤል ልኮኝ ነው፣ የቤቱን ወርቅ በጨርቅ ቋጥራችሁ አምጡና ልጸልይበት ብሎ ነበር። እሳቸው ቡና እየቀዱለት የየትኛው ደብር ነህ፣ የንስሐ አባትህ ማን ናቸው እያሉ በጥያቄ አጣደፉት። ሦስተኛውን ስኒ ሳይጨርስ ተነሥቶ እየተራገመ ወጣ። ጳውሎስ መልአክ እንኳ ከሰማይ ወርዶ ከተቀበላችሁት የተለየ ቢሰብክ ውጉዝ ይሁን ያለው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ድሬዳዋ ሙስሊም ጎረቤት ይበዛልሻል። እነሱም ገብርኤልን ጂብሪል ብለው ያከብሩታል፤ ቁርኣንን ወደ ነቢያቸው ያመጣው እሱ ነው ብለው ያምናሉና ስሙን በቀልድ አታንሺው። በምትሠሪበት ሆስፒታል ማታ ተረኛ ስትሆኚ አስታማሚ የሌለው በሽተኛ ቢገጥምሽ ቅድሚያ ስጪው፤ ሳያውቁ መላእክትን በእንግድነት የተቀበሉ አሉ ተብሎ የተጻፈው ለአብርሃም ብቻ አይደለም። ቁልቢ ስትወጪ ስልክሽንና ቦርሳሽን በደንብ ያዢ፣ ሕዝቡ ብዙ ነው። ስለት ካለብሽ ለደብሩ በደረሰኝ ስጪ፤ በመንገድ ላይ በገብርኤል ስም ለሚለምንሽ ሁሉ ግን መጀመሪያ ማን እንደላከው ጠይቂው። ስትደርሺ ለእናትሽ ደውዪላት፤ ለእኔ ግን ጻፊልኝ።

አባትሽ
ከጎፋ ገብርኤል፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ