በርሜሉ ምን ይዞ ነበር?

ያለፈው ክረምት ለእኛ ለሦስታችን የዕረፍት ጊዜ አልነበረም። ከመካከላችን የአንዱ እናት ጠላ ጠምቀው በመሸጥ ልጃቸውን ለዩኒቨርሲቲ ያበቁ ሴት ናቸው። በሐምሌ ወር ትልቁ ጋናቸው ከአፉ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ። የባልንጀራችን የደብተርና የትራንስፖርት ገንዘብ አብሮ መሰንጠቁን ለማወቅ የኢኮኖሚክስ ተማሪ መሆን አያስፈልግም። እኛ ግን ተማሪዎች ነንና ነገሩን ሰፋ አድርገን አየነው። ለምን በጋን ፈንታ በበርሜል አንጠምቅም? ለምን ለሠርግና ለማኅበር አናቀርብም? እንዲህ ተባብለን ያጠራቀምናትን አዋጣንና ያገለገለ ዕቃ ለመግዛት መርካቶ፥ ምናለሽ ተራ ወረድን።

ምናለሽ ተራ ሌላው የጣለው ዕቃ ተጠግኖና ተወልውሎ እንደገና የሚሸጥበት ሰፈር ነው። ከዚያ 200 ሊትር የሚይዝ ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል መረጥን። ነጋዴው፥ «የዘይት ነው ወንድሞቼ፤ አንድ ጊዜ ካጠባችሁት አለቀ» አለን። በዋጋው አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራከርን፤ ስለ በርሜሉ ታሪክ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አልጠየቅንም።

ቤት ስናደርሰው እማማ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «ልጆቼ፥ ይህ ዕቃ ምን ይዞ ነበር?» አሉ። «ዘይት» አልን። «ዘይት እንዲህ አይሸትም» ብለው ዝም አሉ። ከእኛ አንዱ የኬሚስትሪ ተማሪ ስለሆነ ምክራቸውን በሳይንስ መለስነው፤ በፈላ ውሃ፥ በሳሙናና በሎሚ ሦስት ቀን አጠብነው። ሽታው የጠፋ መሰለን።

ጌሾው ተወቅጦ ተጠነሰሰ፤ ብቅሉ፥ ቂጣውና አሻሮው በየተራቸው ገቡ። ጠላው ደርሶ ሲከፈት ግን ከመዓዛው ኋላ የሳሙና ይሁን የሽቶ የማይለይ ሌላ ሽታ ተከተለ። እማማ ቀምሰው ተፉት። ጠላው ለማኅበር የታዘዘ ነበር። «ጌሾ ጨምረንበት ብናቀርበውስ?» ያለ ከእኛው መካከል ነበር፤ ማን እንደሆነ አንናገርም። እርሳቸው ግን፥ «እኔ የማላውቀውን ነገር ሰው ሆድ ውስጥ አልጨምርም» ብለው ደፉት። የብዙ ቀን ድካማቸው በቦዩ ሲወርድ ቆመን አየን።

ምክንያቱን ያጠናነው ከደረሰብን በኋላ ነው። ፕላስቲክ የያዘውን ሽታ ወደ ውስጡ ይመጠዋል፤ ጠላ ደግሞ አልኮልና አሲድ ስላለበት የተደበቀውን ቀስ በቀስ ያወጣዋል። ዚንክ የተለበጠ የቆርቆሮ በርሜል ገዝተን ቢሆን ኖሮ የባሰ ነበር፤ አሲዱ ዚንኩን አሟሙቶ የጠጪውን ሆድ ያውካልና። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1876 እ.ኤ.አ. ስለ ቢራ ባሳተመው መጽሐፍ መጠጥን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ነፍሳት መሆናቸውን አስረድቷል። እማማ ፓስተርን አላነበቡም፤ ነገር ግን ጋናቸውን በግራዋ ቅጠል ሳያሹና በወይራ ጭስ ሳያጥኑ ጠንስሰው አያውቁም።

በመጨረሻ እርሳቸው ራሳቸው ዕቃ ፍለጋ ወጡ። መጥመቅ ካቆሙ ጎረቤት ጥቁርና አሮጌ ጋን አገኙ። በጣታቸው አንኳኩተው ድምፁን አዳመጡ፤ ውሃ ሞልተው አሳደሩትና እንደማያፈስ አዩ። ያም ጋን ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ልዩነቱ ዕድሜውን ሁሉ ምን ሲይዝ እንደኖረ መታወቁ ነው። በመስከረም የባልንጀራችን ደብተር የተገዛው ከእርሱ በተቀዳ ጠላ ነው። ሰማያዊው በርሜል ዛሬ ከጣራ የሚወርድ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ይጠራቀምበታል፤ ባየነው ቁጥር እናፍራለን።

እንግዲህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ በትንሽ ገንዘብ ሥራ ለመጀመር የምታስቡ ሁሉ፥ ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም። ነገር ግን ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ምን ይዞ እንደነበር ጠይቁ፤ መልሱንም ከሻጩ ብቻ አትቀበሉ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ከመጥመቅም ይቅደም እንላለን። መምህሩም ሁልጊዜ በክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዞ የሚቆም አይደለም።