እሑድ ፍለጋ

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አላነሳም። እሱን ከእኔ የተሻሉ ሰዎች በየሳምንቱ ይጽፉበታል። የማወጋችሁ ስለ እሑድ ነው።

አገር ቤት ጋዜጠኛ ነበርኩ። ህንድ አገር ሄጄ በጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዲግሪ ይዤ የተመለስኩ፣ ማተሚያ ቤት ደጅ ቆሜ ጋዜጣ ስጠብቅ ብዙ ሌሊት ያነጋሁ ሰው ነኝ። ዋሽንግተን አካባቢ ስገባ ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ እኔም የነርስ ረዳት ሰርተፊኬት ለመያዝ የሽማግሌ ገላ ማጠብ ተማርኩ። ከዚያ ቀን እየሠራሁ ማታ እየተማርኩ ነርስ ሆንኩ። በአገራችን ነርስ ሁሉ «ሲስተር» ስለሆነች፣ ወገን የሆነ ሕመምተኛ ሲያጋጥመኝ ምን ብሎ እንደሚጠራኝ ይጨንቀዋል። አብዛኞቹ «ዶክተር» ብለው ይገላገላሉ። እኔም አላረምኳቸውም፤ ኃጢአቴን እዚሁ ልናዘዝ።

ሥራውን አልጠላሁትም። እሑዴን ግን ወሰደብኝ። የሆስፒታል ሺፍት ምን እንደሚመስል የሙያው ሰዎች ታውቁታላችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ማታው 1 ሰዓት፣ በየሁለት ሳምንቱ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ግዴታ ነው። ወሩ አራት እሑድ ካለው ሁለቱ የሆስፒታሉ ናቸው። ሦስተኛውን «ሰው ቀርቶብናል፣ ኦቨርታይም እንከፍላለን» የሚል ስልክ ይወስደዋል። አራተኛውን እንቅልፍ ይበላዋል።

እንዲህ እየኖርን ዓመታት አለፉ። አንድ እሑድ ልጄን ከቤተ ክርስቲያን ልወስድ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹ ፊደል ይማራሉ። ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። ስለ ቤተሰባችሁ ጻፉ ተብለው ኖሮ ወረቀቷን ሰጠችኝ። «እናቴ ቡና ታፈላለች። ወንድሜ ትንሽ ነው። አባቴ ሥራ ነው» ይላል። የአርታኢነት ልማድ አይለቅምና እርሳስ አውጥቼ «ላይ» የምትለዋን ቃል ልጨምር ስል እጄ ቆመ። ልጅቷ ምን ተሳሳተች? አባቷን የምታውቀው እንደዚያ ነው። ወረቀቱን ሳላርም አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በማግሥቱ ሱፐርቫይዘሯ ዘንድ ገባሁ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መሄድ እፈልጋለሁ አልኩ። «ሁላችንም ቤተሰብ አለን» አለችኝ። ነገሩ እዚያው ተዘጋ። እኛ «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። በዚህ አገር ግን ዝም ይነቅዛል። ስለዚህ የድሮ ሙያዬን አወጣሁና መጠየቅ፣ ማንበብ፣ መመዝገብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍል።

አንደኛ ሕጉ። የ1964ቱ የሲቪል መብት ሕግ 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በሃይማኖት ምክንያት ሠራተኛውን እንዳይበድል ይከለክላል። በ1972 የተሻሻለው ደግሞ ከባድ ችግር እስካልፈጠረበት ድረስ ለሠራተኛው የእምነት ሥርዓት ሁኔታ እንዲያመቻች ያስገድደዋል። ችግሩ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1977 ቅዳሜን በሚያከብር የአየር መንገድ ሠራተኛ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ቀጣሪው ከጥቂት በላይ ወጪ ካለበት አይገደድም ማለቱ ነበር። እሑድ አልሠራም ያለ አንድ የፔንሲልቫኒያ ፖስታ አዳይ ተከራክሮ፣ ሰኔ 29 ቀን 2023 (እ.ኤ.አ.) ያው ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ ሚዛኑን ከፍ አደረገው። አሁን ቀጣሪው እምቢ ለማለት ሸክሙ ለድርጅቱ በእርግጥ ከባድ መሆኑን ማሳየት አለበት። ነገር ግን እንዳትሳሳቱ፤ ሕጉ የሚረዳው ለእምነት ሥርዓት ነው። «ከልጄ ጋር ልዋል» ለሚል አባት አይደርስም። ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፣ ግልባጩን አስቀሩ። አቤቱታ የሚቀርበው ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን ሲሆን፣ ጊዜው 180 ቀን፣ በብዙ ስቴቶች 300 ቀን ነው።

ሁለተኛ ባልደረባ። እኔን የታደገኝ ከሕጉ በፊት ሰው ነው። ክፍላችን ውስጥ አንዲት ጃማይካዊት የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ነርስ ነበረች። ከዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ፀሐይ መጥለቂያ አትሠራም፤ እሷም እንደኔ በየወሩ ትለማመጥ ነበር። በተራዋ የሚደርስባትን ቅዳሜ እኔ፣ በተራዬ የሚደርስብኝን እሑድ እሷ ልንሸፍን ተስማማን። ሱፐርቫይዘሯ ሁለታችን የፈረምንበትን ወረቀት ስታይ የምትቃወምበት ምክንያት አጣች። እርግጥ አባቶቻችን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1450 (እ.ኤ.አ.) በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ብለው ወስነዋል። እኔ ቀዳሚቱን ሰንበት ሰጥቼ ሁለተኛይቱን አተረፍኩ። ስደት ነውና ይቅር ይሉኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በዓልም ላይ እንዲሁ ነው። የፈረንጆቹን ገና ልሥራ ስትሏቸው አቅፈው ይስሟችኋል። ለእኛው ገና፣ ለጃንዋሪ 7፣ ያን ጊዜ ፈቃድ ስትጠይቁ ፊት የሚነሳችሁ የለም።

ሦስተኛ ቦታ መምረጥ። ባልደረባዬ ሌላ ስቴት ስትዛወር እኔም ለቅቄ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ገባሁ። የእጥበት ሕመምተኛ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመጣል። ግማሹ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ግማሹ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው። እሑድ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑም ያርፋል። ጎህ ሳይቀድ መነሳት አለ፤ ለአስቀዳሽ ግን ብርቅ አይደለም። ቅዳሜንም የሚፈልግ የሐኪም ክሊኒክ፣ የትምህርት ቤት ነርስነት፣ ሕመምተኛው በዕለቱ የሚወጣበት የቀዶ ሕክምና ማዕከል ይጠይቅ። ከመፈረማችሁ በፊት «እናንተ ዘንድ ዊክኤንድ የሚባለው ከየት እስከ የት ነው?» በሉ። የዓርብ ሌሊት ሺፍት የሚቆጠርበትም የማይቆጠርበትም ቦታ አለ። የቅዳሜ ሌሊት የገባ ሰው ደግሞ እሑድ ጠዋት ይወጣና ቅዳሴ ላይ ቆሞ ያንቀላፋል፤ ከራሴ አውቀዋለሁ።

በነጻ የተገኘ አይምሰላችሁ። የዊክኤንድ ጭማሪውና ኦቨርታይሙ ቀርቷል። መኪናዬ አሮጌ ናት። ለእናቴ የምልከው ገንዘብ ለጥቂት ወራት ቀንሶ ነበር፤ እሷ ምንም አላለችም፣ እኔ ግን አፍሬያለሁ። ባለቤቴና እኔ ሒሳቡን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ስንደምርና ስንቀንስ ብዙ ማታ አምሽተናል። ይህን የምለው ሁለት ሥራ ይዞ ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ወገኔን ልወቅስ አይደለም።

ሕመም ሰንበት አያውቅም። ልጄ ራሷ የተወለደችው እሑድ ጠዋት ነው። ያዋለደቻት ነርስ ያን ቀን ቤቷ ብትውል ኖሮ ምን ይውጠን ነበር? እሑድ የሚሠራ ሰው አያሳጣን። የምለው ሁልጊዜ ያው ሰው አይሁን ነው። ደግሞም ተራው የእናንተ ሳይሆን ስልኩ ሲደወል፣ ከማንሳታችሁ በፊት ያ እሑድ የማን እንደነበር አስቡ።

ወረቀቱ እስካሁን ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ልጄ አሁን አሥር ዓመቷ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋዜጣ ዘርግተን አርእስቱን ታነባለች፤ «ጸ»ና «ፀ» ለምን ሁለት እንደሆኑ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እንደሚሆን አድርጌ እመልሳለሁ። አንዳንዴ ትሰለቻለች፣ በእንግሊዝኛም ትመልስልኛለች። ቢሆንም አጠገቧ ነኝ።

ቸር ያሰንብተን።