ትንሿ ጠብመንጃ

አባቴ በልጅጉን የገዛው ሁለት የእርሻ በሬዎች ሸጦ ነው። እናቴ ይህን እስከ ዕለተ ሞቷ አልረሳችለትም፤ በዚያ ክረምት ማሳችን የታረሰው በጎረቤት በሬ ነበርና። እሱ ግን በጎጃም፣ በቢቸና አገር፣ ብረት የሌለው ሰው በሸንጎ ቃሉ እንደሚቀል፣ በሠርግ ቤትም መቀመጫው ወደ በሩ እንደሚጠጋ ያውቅ ስለ ነበር «በሬ ይተካል» ይል ነበር። እኔ ልጁ በዳላስ ከተማ ከአንድ ቀን ደመወዜ ያነሰ ዋጋ ያላትን ጠብመንጃ ለመምረጥ ስምንት ወር ፈጀብኝ።

ነገሩን የጀመረው የ14 ዓመት ልጄ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛው አያት ከፎርት ወርዝ በስተምዕራብ፣ በፓርከር ካውንቲ መሬት አላቸው። አንድ ቅዳሜ ልጆቹን በባዶ ጣሳ ላይ ሲያስተኩሷቸው ዋሉ። ልጄ ማታ ፊቱ በርቶ መጣና «አባዬ፣ አያቴ ጠብመንጃ ነበረው?» ሲል ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ስለ አያቱ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ሰማች። «እዚህ ቤት አይገባም» አለች። ነርስ ናት፤ የምትናገረውን ታውቃለች።

እኔም አውቃለሁ። የቤተሰብ ሐኪም ነኝ፤ አፍላ ወጣት ይዘው የሚመጡ ወላጆችን ሁሉ «ቤታችሁ ውስጥ መሣሪያ አለ? ተቆልፏል?» ብዬ እጠይቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 በዚህ አገር ከ1 እስከ 19 ዓመት ያሉ ልጆችን በመግደል የጦር መሣሪያ ከመኪና አደጋ ቀድሞ አንደኛ ሆነ። ግን ይህን ጥያቄ ያስተማረኝ ቁጥሩ አይደለም። ገና ተለማማጅ ሐኪም ሳለሁ አንድ ሌሊት የ17 ዓመት ልጅ አመጡልን። የአያቱን የሽኮኮ ማደኛ፣ ያችኑ ትንሿን ጠብመንጃ፣ ከቁም ሣጥን አውጥቶ በራሱ ላይ ተኩሶ ነበር። ቁስሏ የእርሳስ ጫፍ ታህል ነበር። እናቱ ቁስሏን አይታ ይድናል ብላ ተስፋ አደረገች፤ አልዳነም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ መጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልፍ ነገር ነው። ካለፈ በኋላ በሕይወት የተገኙት አብዛኞቹ ኋላም በራሳቸው እጅ አይሞቱም። ጠብመንጃ ግን ለእነዚያ ደቂቃዎች ፋታ አይሰጥም።

ታዲያ ለምን እምቢ አላልኩም? እምቢ ብል ልጁ በየቅዳሜው ከሌላ ሰው አያት ሊማር ነው። ሌላም ምክንያት አለ፤ ከፊሉ ከአባቴ የመጣ ነው።

አባቴ በልጅጉን ያስረከበው በ1984 ዓ.ም.፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ መሣሪያ ሲሰበሰብ ነው። እኔ ያን ጊዜ ለሕክምና ትምህርት ተልኬ በሄድኩባት በቼኮዝሎቫኪያ፣ በብርኖ ከተማ ነበርኩ። ደብዳቤው ላይ «ብረቱን ሰጠሁ፤ አንተ ለጤናህ እንዴት ነህ?» ብሎ ስለ ዝናብ ይቀጥላል። ወንድሜ እንደ ነገረኝ ከዚያ ወዲህ ሠርግ ቤት አልሄደም።

በልጅነቴ በፉከራ የሰማሁት «ብሬን» የሚባለው መትረየስ ስሙን ያገኘው ከብርኖና ከእንግሊዟ ኤንፊልድ የመጀመሪያ ፊደላት መሆኑን የነገረኝ አብሮኝ አናቶሚ የተማረ ቼክ ነው። እሱው አንድ እሑድ ወደ ተኩስ ሜዳ ወሰደኝ። አባቴ በልጅጉን አስነክቶኝ አያውቅም ነበርና በሕይወቴ የመጀመሪያዋን ጥይት የተኮስኩት በሞራቪያ ነው። ቼኮች ማሎራሽካ ይሏታል፤ ጠባብ አፈሙዝ ያላት ማለት ነው። ትከሻ አትመታም፣ ጆሮ አታደነቁርም፣ ስሕተትህን ግን አንድ በአንድ በወረቀቱ ላይ ታሳይሃለች።

አሜሪካኖች «ትዌንቲ ቱ» የሚሏት ይህችው ናት። ጥይቷ እ.ኤ.አ. በ1887 እዚሁ አገር የወጣች፣ ስፋቷ 5.6 ሚሊሜትር፣ እርሳሷ በአብዛኛው 2.6 ግራም የምትመዝን ናት። ይህን የመሰለች ኢምንት ናት ብሎ የሚንቃት ካለ፣ ሮበርት ኬኔዲ በ1968 የሞቱት፣ ፕሬዚዳንት ሬገንም በ1981 ለሞት የተቃረቡት በዚሁ መጠን ጥይት መሆኑን ያስታውስ። በጥይቱ ፓኮ ላይ አደጋዋ እስከ አንድ ማይል ተኩል እንደሚደርስ ተጽፏል። (በዚህ ከተማ ስለ ርካሽ ጠብመንጃ የሚያወራ ሰው ሌላውን ኬኔዲም መርሳት አይችልም። በ1963 እዚህ የተገደሉበት ካርካኖ፣ ከነማነጣጠሪያው በ19 ዶላር ከ95 ሳንቲም በፖስታ የታዘዘ የጣሊያን ትራፊ ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን የወረረው ሠራዊት ከታጠቀው ጠብመንጃ ጋር አንድ ዘር ነው።)

የሌሎች ጥይቶች ማቀጣጠያ በቀለሁ ቂጥ መሐል ላይ ነው። የዚህች ግን በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን የተዘረጋ ስለሆነ መቺው ብረት የሚያርፈው ጠርዙ ላይ ነው። ማቀጣጠያው በዚያች ነጥብ ላይ ከሳሳ ጥይቷ ትከሽፋለች። ስለዚህ አስተማማኝ ጠብመንጃ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ገንዘብና ትዕግሥት ለጥይት ያስቀምጥ፤ ከየፋብሪካው አንዳንድ ፓኮ ገዝቶ የእሱ ጠብመንጃ የትኛውን እንደምትወድ ይፈትን። ከተኩስ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብም አለ፤ በጭሱና በጥይቱ ውስጥ ያለው እርሳስ ለልጅ አንጎል መርዝ ነው።

በጋርላንድ አካባቢ ባለ አንድ ሱቅ ሻጩ መጀመሪያ ያቀበለኝ ሩገር 10/22 ነበር። ከ1964 ጀምሮ የሚሠራ፣ አሥር ጥይት የሚጎርስ፣ ቃታ በተሳበ ቁጥር ራሱ የሚያቀባብል ነው። አሮጌ ማርሊን 60ም አሳየኝ፤ ጥይቱን ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ የሚይዝ፣ ብዙ የቴክሳስ ልጅ ያደገበት ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው። እኔ ግን የምፈልገው ጥይት በተተኮሰ ቁጥር እጅ እስኪያቀባብል ድረስ የምትጠብቅ፣ ልጁን ለማሰብ የምታስገድድ ጠብመንጃ ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የማቀባበያው ብረት፣ ቦልት የሚሉት፣ ያለ መፍቻ ተስቦ ወጥቶ ኪሴ ውስጥ እንዲገባ ፈለግኩ። ብረቱ ከወጣ ጠብመንጃዋ ከዱላ አትለይም።

ከዚያ በአሮጌዎቹ መደርደሪያ ላይ ሲዜድ 452 አየሁ፤ ከብርኖ በስተምሥራቅ በኡኸርስኪ ብሮድ የተሠራች። ሰደፏን ይዤ ብዙ ቆምኩ፤ ሃያ ዓመቴ እጄ ውስጥ ነበር። ዋጋዋም አይከብድም። ነገር ግን መጠበቂያዋ ከአሜሪካኖቹ ተገላቢጦሽ ነው፤ በእነርሱ ወደ ፊት ተገፍቶ የሚያስተኩሰው በዚህች ወደ ኋላ ተስቦ ነው። ልጄ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚተኩሰው በሌላው ዓይነት ነው። መልካቸው አንድ፣ ሥራቸው ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ነገሮች በአንድ እጅ ሲገቡ ምን እንደሚሆን በሐኪም ቤት አይቻለሁ። አዲሱ ሲዜድ 457 ይህን አስተካክሏል፤ ዋጋው ግን ከሳቬጅ ማርክ 2 እጥፍ ገደማ ነው። ናፍቆቴን መደርደሪያው ላይ ትቼ በካናዳ የምትሠራውን ሳቬጅ ገዛሁ። በተረፈው ገንዘብ የብረት ሣጥን ገዛሁ።

በቴክሳስ የክልሉ ፈቃድም ምዝገባም የለም። የፌዴራሉን ቅጽ ሞላሁ፤ የትውልድ አገር በሚለው ላይ ኢትዮጵያ ብዬ ጻፍኩ፤ ከደቂቃዎች በኋላ መልስ መጣ። አባቴ ሁለት በሬ የከፈለበት ነገር ይኸው ነው። የክልሉ ሕግ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ እንዲያገኝ በቸልታ የተወን ሰው ይቀጣል። ባለቤቴ ግን የራሷ ሕግ ነበራት፦ ጠብመንጃዋ በሣጥን፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ፣ የማቀባበያው ብረት ከቤት ውጭ። ተስማማሁ። ብረቱ የሚያድረው ክሊኒኬ ውስጥ፣ በተቆለፈ መሳቢያ ነው። ልጁ በከፋው ሳምንት ቅዳሜም ቢሆን ከዚያ አይወጣም፤ ለምን እንደሆነም ነግሬዋለሁ። ለአባት ከባድ ንግግር ነው። እሱ ግን በጸጥታ አዳመጠኝና «እሺ» አለኝ።

የመጀመሪያው ቀን ሠላሳኛዋ ጥይት ላይ ይመስለኛል፣ ቃታው ተስቦ ቀጭ ብቻ አለ። ዘግይታ ልትፈነዳ ስለምትችል አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደ ዞረ እስከ ሠላሳ መቁጠር አለበት። ልጄ በአማርኛ ቆጠረ፤ ሃያ ስድስት ላይ ተደናቅፎ አገዝኩት። ከዚያ ብረቱን ስቦ ጥይቷን አወጣትና ጠርዟ ላይ ያለችውን ጭረት አሳየኝ። «ይኼ ምን ይባላል?» አለ።

«ከሸፈች ይባላል።»

ይህችን ቃል እኛ ለመንግሥትና ለታሪክ ስንጠቀምባት ኖረናል፤ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. መጽሐፋቸውን ሰይመውባታል። ልጄ ግን ገና አሁን መስማቱ ነው። «ከሸፈች» ብሎ ደገማትና ጥይቷን ለብቻ ባዘጋጀናት ጣሳ ውስጥ ጣላት፤ ሌላ አጎረሰ።